ከመኪና ማደሪያ ወደ መስታወት፦ የኪመሪጅ ቅሪተ አካላት እንዴት ለሕዝብ ይመረጣሉ?

በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት የባሕር ዳርቻ፣ ኪመሪጅ የምትባል የሣር ክዳን ባላቸው የድንጋይ ቤቶች የተሞላች ትንሽ መንደር አለች። ስቲቭ ኤቸስ የዚህች መንደር ነዋሪ ሲሆኑ ሙያቸው የቧንቧና የማሞቂያ ጥገና ነበር። ከ1980ዎቹ አንስቶ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሥራ የተረፋቸውን ጊዜ የሚያሳልፉት በባሕሩ ገደል ሥር ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲያገላብጡ ነው። የመጀመሪያ ቅሪተ አካላቸውን፣ በባልጩት ውስጥ የቀረች የባሕር ጃርት፣ ያገኙት በአምስት ዓመታቸው ነበር። ካደጉ በኋላ የሰበሰቡት ደግሞ መጀመሪያ መደርደሪያውን፣ ቀጥሎ የመኪና ማደሪያውን ሞላው። ማደሪያው መኪና ማስገባት አቆመና የግል ሙዚየም ሆነ።

በ2016 ይህ ስብስብ እዚያው መንደር ውስጥ ወደተሠራ እውነተኛ ሙዚየም ገባ። ሕንጻው 5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የፈጀ ሲሆን 2.7 ሚሊዮኑ የመጣው ከሎተሪ ገቢ ከሚደጎመው የብሪታንያ የቅርስ ፈንድ ነው። ሲከፈት በስብስቡ ውስጥ ከ2,000 የሚበልጡ ቅሪተ አካላት ነበሩ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያን ሁሉ መደርደር አይቻልም፤ ቢቻልም ማንም ጎብኚ ያን ሁሉ ዐይቶ አይዘልቀውም። ስለዚህ የትኛው ይውጣ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለው ጥያቄ ከግንባታው ያልተናነሰ ከባድ ሥራ ነበር። ማንኛውም የግል ሰብሳቢ ስብስቡን ለሕዝብ ለማሳየት ሲነሣ የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው።

መልሱን ለመረዳት ስለ አለቱ ትንሽ ማወቅ ያሻል። የኪመሪጅ ገደል ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ጭቃ ነው። የወለሉ ውኃ ኦክስጅን ያጠረው በመሆኑ፣ የሞተ እንስሳ ወደ ታች ሲወርድ በድኑን የሚበታትን ብዙ ነገር አልነበረም። ጭቃው ቀስ ብሎ ሸፈነው። በዚህ ምክንያት ድንጋዩ በቅባታማ ቅሪት እጅግ የበለጸገ ነው፤ አንዳንዱ ንጣፉ እሳት ላይ ሲጣል ይነዳል፤ የሰሜን ባሕር ነዳጅም በአብዛኛው የመነጨው በባሕሩ ሥር ከተዘረጋው ከዚሁ የድንጋይ ንጣፍ ነው። የዓለም የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አንድ የጁራሲክ ዘመን ክፍልን ኪመሪጂያን ብለው የሚጠሩት በዚህች መንደር ስም ነው።

ጭቃው ግን ያቀፈውን ሁሉ ጨፍልቋል። አሞናይት የሚባለው፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ጥምዝ ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ፣ በሌላ ቦታ ድቡልቡል ሆኖ ሲገኝ በኪመሪጅ ግን በጥቁር ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ስስ ነጭ ሥዕል ይመስላል። በስጦታ መሸጫ ሱቆች ከሚታየው ተወልውሎ ከሚያብረቀርቀው አሞናይት አጠገብ ቢቀመጥ የሚገዛው ላይገኝ ይችላል። የምርጫው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ የሚያምረው ይቅረብ ወይስ የሚናገረው?

የኤቸስ ስብስብ ይህን የመለሰው ገና የመኪና ማደሪያው ውስጥ ሳለ ነው። እያንዳንዱ ግኝት በኪመሪጅ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምር ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ከየትኛው ቦታና ከየትኛው የድንጋይ ንጣፍ እንደወጣም ተመዝግቧል። ይህ ለውጭ ሰው ደረቅ የመዝገብ ቤት ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መነሻው ያልታወቀ ቅሪተ አካል ምንም ያህል ቢያምር ዕድሜውን፣ ጎረቤቶቹን፣ የኖረበትን ባሕር ሁኔታ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ለሕዝብ የሚቀርበውን የሚመርጥ ሰው ከድንጋዩ በፊት መዝገቡን ቢከፍት ይሻለዋል። ሁለት ተመሳሳይ ጥርሶች ካሉ፣ አንዱ ሙሉ ሆኖ አድራሻ ከሌለው፣ ሌላው ጫፉ ተሰብሮ ንጣፉ ከታወቀ፣ መስታወቱ ውስጥ መግባት ያለበት የተሰበረው ነው።

መዝገቡ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የምታሳይ አንዲት የራስ ቅል አለች። ቁጥሯ ኬ1918 ነው። በ2009 ታኅሣሥ ኤቸስ በኪመሪጅ ወሽመጥ ያገኟት ይህች ቅል የቴሮሰር፣ ማለትም በዳይኖሰሮች ዘመን ይበር የነበረ ተሳቢ እንስሳ ናት። ርዝመቷ 33 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ የላትም፤ ከጎን ተጨፍልቃለች። አፍንጫዋ ግን እንደ ጦር የሾለ ነው። ኤቸስ ከፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማርቲል ጋር ሆነው በሳይንሳዊ ጽሑፍ ሲያስተዋውቋት ኩስፒሴፋለስ ስካርፊ ብለው ሰየሟት። ሁለተኛው ስም የታዋቂው የካርቱን ሠዓሊ የጄራልድ ስካርፍ ነው፤ ሠዓሊው ሰዎችን ሹል አፍንጫ አድርጎ በመሣል ይታወቃልና። የቧንቧ ባለሙያው በዚህ ጽሑፍ ላይ ከፕሮፌሰሩ ጋር ስማቸው ጎን ለጎን ሰፍሯል።

በዚያው 2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአሞናይት እንቁላሎችን ይመለከታል፤ የኤቸስ ስም የሰፈረው ከተባባሪዎቻቸው ሁሉ ቀድሞ ነው። ቅሪቱ ለዓይን እምብዛም አይስብም፦ በድንጋይ ላይ የተጠጋጉ ጥቃቅን ክቦች። ከትልልቅ አጥንቶች አጠገብ ሲቀመጥ ጎብኚ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ቢሆንም አሞናይት በሚሊዮኖች በሚገኝበት ዓለም እንቁላሉ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከአንድ መቶ የሚያማምሩ ዛጎሎች የበለጠም ስለ እንስሳው ሕይወት ይናገራል። እንዲህ ያለውን ማውጣት የመራጩን ድፍረት ይጠይቃል። ጥሩ ብርሃን፣ ምናልባት ማጉያ መነጽር፣ አጭርና ግልጽ መግለጫ ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ከሌሉ ባይወጣ ይሻላል።

የጥርስ ምልክት ያለባቸው አጥንቶችም እንዲሁ ናቸው። ሙሉ አጽም እንስሳው ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል፤ የተነከሰ አጥንት ግን ማን ማንን እንደበላ ይናገራል። በኪመሪጅ ሙዚየም የጎብኚዎችን ዓይን ለመርዳት በጣሪያው ላይ የዚያ ዘመን የባሕር እንስሳት ሲዋኙ የሚያሳይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ይታያል፤ ታች ያለው ድንጋይና ላይ ያለው እንስሳ ይገናኛሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ጌጥ ይለው ይሆናል፤ ለተጨፈለቀ ቅሪተ አካል ግን ጥሩ አስተርጓሚ ነው።

ጌጡ ከማስረጃው ጋር ሲቀላቀል የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ እንግሊዞች ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ቀምሰውታል። ቶማስ ሆኪንስ የሚባል የሶመርሴት ወጣት ባለጸጋ ከላይም ሪጂስና ከስትሪት አካባቢ የባሕር ተሳቢ አጽሞችን ይሰበስብ ነበር፤ ዶልፊን የሚመስሉ ኢክትዮሰሮችን፣ አንገተ ረጃጅም ፕሌሲዮሰሮችን። ከታላቋ ቅሪተ አካል ፈላጊ ከሜሪ አኒንግም ገዝቷል። በ1834 ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም ሸጠው። ዋጋውን የገመቱለት በዘመኑ የታወቁት ዊልያም ባክላንድና ጌዲዮን ማንቴል ሲሆኑ የተከፈለው ከ1,300 ፓውንድ በላይ ነበር።

አጽሞቹ ሙዚየሙ ገብተው ኃላፊው ቻርልስ ኮኒግ ቀርቦ ሲመረምራቸው ነው ነገሩ የተገለጠው። ዋናው ትልቅ ኢክትዮሰር ሙሉ ሆኖ የታየው ከፊሉ በጀሶ ተሞልቶ፣ ጀሶውም የድንጋዩን ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሆኪንስ የጎደለውን አጥንት ሠርቶ ጨምሮበታል፤ የቱ እውነተኛ የቱ ሰው ሠራሽ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ግን አላኖረም። ኮኒግ እንዲህ ያለውን ለሕዝብ አላሳይም አለ፤ ጉዳዩ የብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ሳይቀር ቀረበ። የሚያሳዝነው፣ ከጀሶው ሥር የነበሩት አጥንቶች እውነተኛና ድንቅ ነበሩ። ጉድለቱን ቢያሳይ ኖሮ ማንም አይነቅፈውም ነበር።

የዛሬ ባለሙያዎች የጎደለ ክፍል መሙላትን አይከለክሉም። ከአንድ ሰው ቁመት ርቀት ሲታይ ቅሪቱ ሙሉ መስሎ ይታይ፣ በስንዝር ርቀት ሲቀርቡ ግን የተጠገነው ይለይ የሚል የቆየ የሙዚየም ጥገና ደንብ አላቸው። የተሞላውን ክፍል ከአጥንቱ በጥቂቱ በሚፈዝ ቀለም መቀባት፣ በመግለጫውም ላይ መጻፍ በቂ ነው። በግል ስብስብ ውስጥ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሰብሳቢው ራሱ ከሠላሳ ዓመት በፊት በማጣበቂያና በጀሶ ያስተካከለውን ሊረሳው ይችላልና። ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱ ቅሪት በጠንካራ መብራት ሥር እንደገና መታየት አለበት።

የሆኪንስን ስብስብ ከገመቱት አንዱ ማንቴል ራሱ ሌላ ዓይነት ትምህርት ትቷል። ሐኪሙ ማንቴል ኢጓኖዶን የተባለውን ዳይኖሰር በ1825 ያስተዋወቀ ሰው ነው። በ1833 ወደ ብራይተን ተዛወረና መኖሪያ ቤቱን ለጎብኚ ክፍት ሙዚየም አደረገው። ሰው ጎረፈ፤ በሽተኛ ግን ጠፋ። ቤተሰቡ ኑሮውን በድንጋይ መካከል መግፋት አልቻለም፤ በ1838 ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም በ4,000 ፓውንድ ሸጠው። የግል ስብስብ ለሕዝብ ሲከፈት ባለቤቱን እንዳይውጠው ከቤቱ የተለየ ቦታ፣ ከባለቤቱም የተለየ ኃላፊ ያስፈልገዋል። በኪመሪጅ ያለው ስብስብ በአደራ ድርጅት መያዙ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሳይንሳዊ መጽሔቶች በግለሰብ እጅ ባለ ቅሪተ አካል ላይ አዲስ ዝርያ እንዲሰየም አይፈልጉም፤ ነገ ሊሸጥ፣ ሊጠፋ ይችላልና። በ2020 አንድ ኢክትዮሰር ለኤቸስ ክብር ታላሶድራኮ ኤቸሲ ተብሎ ሊሰየም የቻለው ማንም ተመራማሪ ሄዶ ሊያየው የሚችለው የሙዚየም ንብረት ስለሆነ ነው።

ከምርጫው ቀጥሎ የአካል ጤንነት ይመጣል። የኪመሪጅ ቅሪቶች ብዙዎቹ ፓይራይት የሚባለውን የብረትና የድኝ ማዕድን ይዘዋል። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት፣ በተለይ ከ60 በመቶ ሲያልፍ፣ ማዕድኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ አሲድና ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ቅሪቱ ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ የተቀመጠበት ካርቶንና መግለጫው ሳይቀር ይበላል። ጎብኚ በሞላበት አዳራሽ የሰው ትንፋሽና የረጠበ ካፖርት እርጥበት ይጨምራል። ስለዚህ የዚህ ምልክት የታየበት ቅሪት፣ ዕንቁ ቢሆን እንኳ፣ ደረቅ አየር በሚጠበቅበት ዝግ ሣጥን ካልሆነ መውጣት የለበትም።

ይህን የምርጫ ጭንቀት ኢትዮጵያውያን በሌላ መልኩ ያውቁታል። በእኛ አገር በቁፋሮ የሚገኝ ቅሪተ አካል የመንግሥት ሀብት በመሆኑ የግል ስብስብ የሚባል ነገር የለም፤ ጥያቄው ለሕዝብ ኦርጅናሉ ይታይ ወይስ ቅጂው የሚለው ነው። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ የተረፈላት ድንቅነሽ በብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የምትታየው በቅጂዋ ነው። ኦርጅናሏ በ2007 ወደ አሜሪካ ሄዳ እስከ 2013 ስትቆይ ስሚዝሶኒያንን ጨምሮ አንዳንድ ሙዚየሞች ለአደጋ ትጋለጣለች ብለው ሳይቀበሏት ቀርተዋል። በ2025 ደግሞ ሰላም ከምትባለው ሌላ የኢትዮጵያ ቅሪተ አካል ጋር ፕራግ ላይ ለሕዝብ ቀርባለች። ጥሩ ቅጂን በግልጽ ቅጂ ነው ብሎ ማሳየት የሚያሳፍር አይደለም፤ በቀላሉ የሚሰበር አጥንት ላለው ሰብሳቢም ሁነኛ መንገድ ነው።

አንዳንድ ቅሪት ግን ምርጫ አይጠይቅም፤ ራሱን ያስመርጣል። በ2022 የጸደይ ወራት አንድ የኤቸስ ወዳጅ በኪመሪጅ ዳርቻ ጠጠር መካከል የአንድ ትልቅ አፍንጫ ጫፍ አገኘ። ቀሪው ከየት እንደወደቀ በድሮን ሲፈለግ ከገደሉ መካከል ላይ ተገኘ፤ ባለሙያዎች በገመድ ተንጠልጥለው ፈልፍለው አወጡት። የፕሊዮሰር የራስ ቅል ነው፤ በዚያ ባሕር ውስጥ ከላዩ አዳኝ ያልነበረው እንስሳ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ጥርሶቹ 130 ናቸው። ጠጋ ብሎ ላየው የእያንዳንዱ ጥርስ ጀርባ በቀጫጭን ሸንተረሮች የተገመደ ነው፤ ሥጋ ወግቶ ቶሎ ለመንቀል የሚረዱ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። አፍንጫው ላይ የተረጨ የሚመስሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች የውኃ ግፊት ለውጥን የሚያስታውቁ ሕዋሳት መቀመጫ ሳይሆኑ አልቀሩም።

በ2024 መጀመሪያ ዴቪድ አተንቦሮ በቢቢሲ ፊልሙ ካስተዋወቀው በኋላ ቅሉ እዚያው መንደር ለሕዝብ ቀርቧል። ከተገኘበት ገደል በእግር በሚደረስበት ርቀት መታየቱ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጎብኚው ቅሉን ዐይቶ ሲወጣ የወጣበትን ጥቁር ድንጋይ በዓይኑ ማየት ይችላል። ኤቸስ የቀረው አካል እስካሁን ገደሉ ውስጥ እንዳለ ያምናሉ። ባሕሩ ገደሉን በየክረምቱ እየበላ ስለሆነም፣ ሞገድ ከመውሰዱ በፊት ተቆፍሮ እንዲወጣ ይወተውታሉ።