ውሃ ሲሚንቶን እንዴት እንደሚበላ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አበው የተናገሩት ለሰው ነው፤ ነገር ግን በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ገነት ለሚሠራው የሲሚንቶ ሥራም ምክሩ የታመነ ነው።

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር፥ ከ5 እጅ 1 እጅ ያህሉ ኖራ ሆኖ በውስጡ ይቀራል። ይህ ኖራ የተቀበረውን ብረት ከዝገት ይጠብቃል፤ ዳሩ ግን በአሲድ ፊት አይጸናም። የዝናብ ውሃ እንኳ ከአየር ከሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነሣ ጥቂት አሲድነት ስላለው፥ በስንጥቅ ገብቶ ኖራውን እያሟሟ ያወጣዋል። በግድግዳና በድልድይ ሥር የሚታየው ነጭ ዝርዝር ምልክት ይኸው የወጣው ኖራ ነው።

ከዝናብ ይልቅ የሚያስፈራው የእሸት ቡና ማጠቢያ ውሃ ነው። ቀዩ ቡና ተፈልፍሎ በማብላያ ገንዳ ሲቀመጥ፥ በፍሬው ላይ የተጣበቀው ዝልግልግ ስኳር ወደ አሲድ ይለወጣል። በአሲድ መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ሲሆን፥ ይህ ውሃ ብዙ ጊዜ ወደ 4 ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ደረጃ 10 እጥፍ ነውና፥ አሲድነቱ ከንጹሕ ውሃ 1000 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የገንዳው ልስን ይላላል፥ አሸዋና ጠጠሩም ይገለጣል። ውሃው እስከ ብረቱ ከደረሰ፥ ዝገቱ ከብረቱ ሁለት እጥፍ በላይ ስፍራ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ጉዳቱ በገንዳው ብቻ አይቀርም። በሻከረው ወለል የተሸሸገው የትናንት ፍሬ በስብሶ የዛሬውን ቡና ጠረን ያበላሻል፤ በስንጥቁ የሚያመልጠው ውሃም ሕዝብ ወደሚጠጣው ወንዝ ይወርዳል። የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ ስንጥቅ ዋጋውን ያጣል ማለት ነው።

መድኀኒቱ ግን ከባድ አይደለም። ሲቦካ ውሃ አለማብዛት፥ አየር እንዳይቀርበት ጠቅጥቆ መሙላት፥ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ አድርጎ ማቆየት ይገባል። ሮማውያን ከ2000 ዓመት በፊት ከኖራ ጋር የቀላቀሉት የእሳተ ገሞራ አመድ በስምጥ ሸለቆአችንም ይገኛል፤ አሲድን ፈጽሞ ባይከለክልም፥ ነጻውን ኖራ አስሮ ሥራውን ያጠብቀዋል። ገንዳውንም አሲድ በማይበላው ሸክላ ወይም ቅብ መሸፈን፥ ቡናው እንደ ወጣም ወዲያው ማጠብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሹማምንትና የማኅበር አለቆች ለቀማው በጥቅምት ሳይጀመር ገንዳዎቹን ያስመርምሩ። ዛሬ በአንድ ባልዲ ልስን የሚደፈነው ስንጥቅ፥ ቢዘገይ ገንዳውን ሁሉ አፍርሶ እንደ ገና ያሠራልና።