የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ስሕተት በስርዓተ ክወና ውስጥ፦ ምንነቱና እርማቱ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ የመረጃ መቀበያ ጣቢያዋ የተተከለው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። ከሳተላይት የመጣ ምስል በኮምፒውተር ሲከፈት፣ ምስሉን የሚገልጹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች በማኅደረ ትውስታው፣ በተለምዶ ሚሞሪ በሚባለው ክፍል ላይ ይሰፍራሉ። ከተራራው ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኝ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የነዋሪ ፋይል ሲከፈትም የሚሆነው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የት እንደሚቀመጥ የሚደለድለው የስርዓተ ክወናው እምብርት ሲሆን፣ ባለሙያዎች ከርነል ይሉታል።

ድልድሉን ለመረዳት የቤት ቁጥርን ማሰብ ይጠቅማል። በየካ አንድ ወረዳ ውስጥ የቤት ቁጥር 215 አለ እንበል፤ በሌላው ወረዳም 215 ሊኖር ይችላል። የትኛው ቤት የት እንደሆነ የሚለየው የየወረዳው መዝገብ ነው። ከርነልም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መዝገብ ይይዝለታል። አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ቦታ ቢፈልግ እንኳ በመዝገቡ ላይ ስለማይገኝ ሊደርስበት አይችልም። ከርነሉ ግን በሁሉም ቤት ይገባል፤ አደጋው የሚመነጨውም ከዚህ ሥልጣኑ ነው። አንድ ፕሮግራም «ውጤቱን በዚህ አድራሻ ጻፍልኝ» ሲለው፣ አድራሻው የጠያቂው መሆኑን ሳያረጋግጥ ከጻፈ የሌላውን ቤት በሥልጣኑ ከፈተ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 በወጣው የሊኑክስ ከርነል 4.13 ላይ የተከሰተው ይህ ነበር። አንድ ፕሮግራም ያስጀመረው ሌላ ሥራ መጠናቀቁን ለማወቅ «ዌይትአይዲ» በተባለው ጥሪ ከርነሉን ይጠይቃል፤ ከርነሉም መልሱን በተሰጠው አድራሻ ይጽፋል። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉት፦ አንደኛው በጻፈ ቁጥር አድራሻውን የሚፈትሽ፣ ሁለተኛው አስቀድሞ ተፈትሿል በሚል በፍጥነት የሚጽፍ። ኮዱ እንደገና ሲደራጅ ሁለተኛው መንገድ ተመረጠ፤ ቅድመ ፍተሻው ግን ተረሳ። በዚህም ምክንያት ተራ ተጠቃሚ የከርነሉን የራሱን አድራሻ በመስጠት፣ የተጠቃሚ መለያው በተመዘገበበት ቦታ ላይ ዜሮ ማስጻፍ ይችል ነበር። በሊኑክስ ደግሞ ዜሮ የዋናው አስተዳዳሪ መለያ ቁጥር ነው።

እርማቱ በቀጣዩ ወር ወጣ። የጠየቀው ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነበር፦ አድራሻው ከፕሮግራሙ ክልል ውጭ ከሆነ ጥሪው ውድቅ ይደረጋል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች መካከል የጎደለውን ፍተሻ ማግኘቱ ግን ቀላል ሥራ አይደለም።

ሁሉም ስሕተት በዚህ ፍጥነት አይታረምም። «ደርቲ ካው» በሚል ስም የታወቀው ጉድለት፣ ለንባብ ብቻ በተፈቀደ የማኅደረ ትውስታ ገጽ ላይ ለመጻፍ የሚያስችል ሲሆን፣ ቢያንስ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆይቶ የተዘጋው በ2016 ነው። የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ሊያርመው ሞክሮ ነበር፤ ሆኖም ሙከራው በሌላ ዓይነት ማሽን ላይ ችግር በማስከተሉ ተሽሯል።

እርማት ሲታወጅ ጉድለቱም አብሮ ይታወቃል። ስለሆነም ማሻሻያውን ያልጫነ ኮምፒውተር ከቀድሞው ይበልጥ ይጋለጣል። ማሻሻያው ተጭኖም ቢሆን መሣሪያው ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው አሮጌው ከርነል ነው፤ ለወራት ሳይጠፉ የሚቆዩ የቢሮ ኮምፒውተሮች በዚህ ረገድ ሊታሰብባቸው ይገባል። የአንድሮይድ ስልኮችም በሊኑክስ ከርነል ላይ የተገነቡ ናቸው። በስልክዎ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ተጽፎ ያገኛሉ። ቀኑ ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈው ከሆነና አዲስ ማሻሻያ ካልመጣለት፣ በዚያ ስልክ የባንክ አገልግሎት ከመጠቀም መቆጠብ ይመከራል።