ለበዓል የሚወጣ ፈረስና ልጓሙ

ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች ታቦታት በዝማሬና በእልልታ ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ፈረሱን ሸልሞ ከደጋው የሚመጣ ምእመን አይታጣም። ኮርቻው፣ ግላሱና እርካቡ ቀድመው ይታሰባሉ፤ ልጓሙ ግን ብዙ ጊዜ የተገኘው ይሆናል። እኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ልጓሙ ነው እንላለን። ከበሮው ሲመታ፣ ሕዝቡ ሲጋፋ፣ አፉ የቆሰለ ፈረስ በሕፃናትና በአረጋውያን መካከል ይደነብራልና።

ልጓም የሚያርፈው በፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶች መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው። ብረቱ ከአፉ ስፋት ካጠረ ከንፈርን ይቆነጥጣል፤ ከረዘመም ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ድዱን ይልጣል። ቀጭን ብረት ይቆርጣል፤ ወፈር ብሎ የለሰለሰው ይሻላል። በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባው ባለቀለበት ነባር ልጓም በጥቂት ስበት ብዙ ያሳምማልና፣ እጁ ለረጋ ፈረሰኛ እንጂ ለጀማሪ አይሆንም። የዛገው ይጣል፤ በጥር ብርድ የቀዘቀዘውም በእጅ ይሙቅ። አፉን የሚከፍት፣ ራሱን የሚወረውር ፈረስ «አመለኛ» ከመባሉ በፊት አፉ ይታይ።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ አንደበት ሲያስተምር የፈረስን ልጓም በምሳሌነት አንሥቷል። ትንሹ ብረት ታላቁን አካል ይመራል፤ ብረቱን የሚመራው ግን የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ለፈረሱ ልጓም የመረጠ ሁሉ ለእጁም ልክ ያብጅለት።

መልካም የጥምቀት በዓል!