ለመርዛም ዕቃ ጉዳት ተጠያቂው ማን ነው?

በንግድ ሥራ አደጋ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው እሳትን፣ ስርቆትንና የመርከብ መስጠምን ነው። ነገር ግን ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ሌላ አደጋ አለ፤ ይኸውም በመጋዘን የተከማቸው ወይም በሱቅ የሚሸጠው ዕቃ የሰውን ጤና የጎዳ እንደሆነ የሚከተለው የካሣ ክስ ነው። ጸረ ተባይ መድኃኒት፣ አሲድ፣ የቀለም ማቅጠኛ ወይም ለቆዳ ፋብሪካ የሚውል ኬሚካል የሚያስመጣና የሚሸጥ ሁሉ ይህን ነገር አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ክሱ ምን ያህል ዘግይቶ ሊመጣ እንደሚችል በአሜሪካ የታየ አንድ ጉዳይ ያስረዳል። በቴክሳስ ግዛት አንድ ሠራተኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1936 እስከ 1969 ዓ.ም. በነዳጅ ማጣሪያዎችና በመርከብ መሥሪያዎች እየተዘዋወረ፣ ቧንቧዎች ሙቀት እንዳያባክኑ አስቤስቶስ ባለበት መሸፈኛ ሲያለብስ ኖረ። ብናኙን በየቀኑ ይተነፍስ ነበር። ጤና እንደማይሰጥ ቢገምትም ሕይወቱን እንደሚያሳጣው ግን አላወቀም፤ የነገረውም አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. የሳንባ ሕመሙ በታወቀ ጊዜ ክሱን ያቀረበው በአሠሪዎቹ ላይ ሳይሆን ዕቃውን ሠርተው በሸጡት ኩባንያዎች ላይ ነው። እርሱ በ1970 ዓ.ም. ቢሞትም ክሱ ቀጠለ፤ በ1973 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ካሣው እንዲከፈል የተሰጠውን ፍርድ አጸና።

የፍርዱ ምክንያት ለማንኛውም ነጋዴ ትምህርት ነው። ፍርድ ቤቱ፣ አምራች ስለ ዕቃው የባለሙያን ያህል እንደሚያውቅ ይቆጠራል፤ «አላወቅሁም» ብሎ አያመልጥም፤ ማስጠንቀቂያውም ዕቃውን በእጁ እስከሚሠራበት ሰው ድረስ መድረስ አለበት፤ አደጋውን ዐውቆ መሥራትን ወይም መተውን የሚመርጠው ሠራተኛው ራሱ ነውና፣ ብሏል። ከዚህ ፍርድ በኋላ እጅግ ብዙ ክሶች ተከታተሉ። ጆንስ ማንቪል የተባለው ታላቅ የአስቤስቶስ ኩባንያ በ1982 ዓ.ም. የክሱ ብዛት ስላስጨነቀው ወደ ኪሣራ ፍርድ ቤት ለመሄድ ተገደደ። ከብዙ ዓመት በፊት የተሸጠ ዕቃ ባለቤቱን ተከትሎ መጣበት ማለት ነው።

በአገራችን ሕግስ ነገሩ እንዴት ነው? ተጎጂው ማን እንደሆነ ለይቶ መመልከት ይሻላል።

አንደኛ፣ ተጎጂው የነጋዴው ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድንገተኛ አደጋን ብቻ ሳይሆን ቀስ በቀስ በሥራው ምክንያት የሚመጣውንም በሽታ ይመለከታል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ያልቻለ እንደሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት የማይችል ከሆነና በኢንሹራንስ ወይም በጡረታ ሕግ ካልተሸፈነ፣ የሚከፈለው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው በሌላው ሕግ መሠረት ተጨማሪ ካሣ ከመጠየቅ አይከለከልም። አሠሪው ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘትም በዚሁ ይቆጠራሉ። መመሪያ ያልሰጠ አሠሪ ግን መመሪያዬ ተጣሰብኝ ሊል አይችልም።

ሁለተኛ፣ ተጎጂው ጎረቤት ወይም መንገደኛ ሊሆን ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069፣ መርዛም ነገሮችን በማከማቸት ወይም በመጠቀም ሌላውን ሰው ከተለመደው ውጭ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በቁጥር 2086 መሠረትም የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም፣ ወይም ሌላ ሰው ነው ያጠፋው ብሎ መከራከር አይጠቅምም፤ ኃላፊነቱ የሚቀረው ወይም የሚቀነሰው በተጎጂው ጥፋት መጠን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ተጎጂው ገዢ ሊሆን ይችላል። ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ የሚያቀርበውን አምራች በዕቃው የተለመደ አጠቃቀም ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ባለሱቁ አምራች ባይሆንም በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ካሣ እንዲከፍል የሚያዘው ቁጥር 2028 ያገኘዋል። ጸረ ተባይ መድኃኒትን ከነማስጠንቀቂያው ከመጣበት ዕቃ አውጥቶ በውሃ ጠርሙስ እየቀዳ የሚሸጥ ሰው ከዚህ የባሰ ምን ጥፋት ይፈልጋል? ያን ጠርሙስ ሕፃን አንሥቶ ቢጠጣው፣ ማስጠንቀቂያውን ያስቀረው እጅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም።

ስለዚህ አስመጪው ከላኪው ኩባንያ የዕቃውን ጠባይና አደጋ የሚገልጸውን ወረቀት አብሮ ይጠይቅ፤ ወደ አማርኛ ወይም ሠራተኞቹ ወደሚያውቁት ቋንቋ አስተርጉሞ በመጋዘኑ በር ይስቀል። ለሠራተኞቹ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ይስጥ፤ የሰጠበትንም ቀን በመዝገብ ይያዝ። የምግብ እህልና መርዝ በአንድ ጣሪያ ሥር አያስቀምጥ። ባለሱቁም ዕቃውን ከመጣበት መያዣ አያውጣ። የኢንሹራንስ ውሉ እንዲህ ያለውን ጉዳት መሸፈኑን ሁሉም አንብቦ ይረዳ።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ግን ከአንድ ሰው ሳንባ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ሕጉ የሚጠይቀን ካሣውን ቢሆንም፣ የጠፋውን ጤና የሚመልስ ካሣ የለምና አባቶቻችን እንደሚሉት ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይበጃል።