ፒክአፕ ለመግዛት ያሰበ አምራች ምን ይወቅ?

በደቡብ ኦሞ አካባቢ እያንዳንዱ ገበያ የራሱ ቀን አለው። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጅንካና ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ይቆማል። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ማር ወይም ማሽላ ይዞ ወደ እነዚህ ገበያዎች ለሚወጣ አምራች ከማምረቱ ባልተናነሰ ማድረሱ ይፈትነዋል። በተለይ የበሰለ ማንጎ በወቅቱ ካልተጫነ ዋጋው በየቀኑ ይወርዳል። ጥቂት ጥሪት ያጠራቀመ አርሶ አደር ወይም ማኅበር ፒክአፕ የሚያስበው በዚህ ምክንያት ነው። ከብት ተሸጦ ወይም ተበድሮ የተገዛ መኪና ግን በአግባቡ ካልተመረጠ ጥሪቱን ይዞ ጋራዥ ይቀራል።

ሒሳቡ ይቅደም

ከመኪናው ዓይነት በፊት መታወቅ ያለበት ዓመቱን ሙሉ የሚጫን ነገር መኖሩ ነው። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና አይሱዙ ዲማክስ ያሉ ፒክአፖች የሚጭኑት አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ገደማ ነው። ከጅንካ ቀይ አፈር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የጫነ ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ፣ ደርሶ መልሱ 10 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ሙሉ ጭነት ከያዘ ለአንድ ኩንታል አንድ ሊትር ይደርሳል፤ አምስት ኩንታል ብቻ ከያዘ ግን ወጪው እጥፍ ይሆናል። ጎማ፣ ዘይት፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ቦሎ ሲጨመሩ ሒሳቡ ከፍ ይላል። ሥራው የማንጎ ወቅት ብቻ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተባብሮ አይሱዙ መከራየት ያዋጣል። በሌላው ጊዜ እህል፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚያመላልስ ከሆነ ግን የራስ መኪና ዋጋውን ይመልሳል።

ለአካባቢው የሚስማማው

ወደ ጅንካ የሚያስገባው ዋና መንገድ አስፋልት ቢሆንም ምርቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። በበልግ ዝናብ ጭቃ፣ በቆላው ደግሞ አሸዋ ይጠብቃል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ባሌስትራው ጠንካራ የሆነ ባለ ፎር ዊል ይመረጣል። ባለ አንድ ጋቢና ሰፊ የጭነት ቦታ አለው፤ ቤተሰብ ወይም ሠራተኛ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግን ባለ ሁለት ጋቢናው ይሻላል። ጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ሕይወት ያስከፍላል።

መለዋወጫው በቅርብ የሚገኝና የአካባቢው መካኒክ የሚያውቀው ሞዴል መሆኑም መረጋገጥ አለበት። በርካሽ ተገዝቶ፣ ዕቃው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው አዲስ አበባ እስኪመጣ በምርት ወቅት የሚቆም መኪና ውድ ነው።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። አገር ውስጥ የሠራውን የሚገዛ ሰው ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን ይይ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበትም ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥ። ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሣ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ የነዳጅ ወይም የአየር ሥርዓቱ መታወኩን ይጠቁማል። ሻንሲው እንዳልተሰነጠቀና እንዳልተበየደ ከሥር ይታይ። ፎር ዊሉም አፈር መንገድ ላይ ይፈተን።

አያያዝ

የቆላው ሙቀት ራዲያተርን፣ አቧራው የአየር ፊልትሮን፣ የግራር እሾኽ ጎማን ይጎዳል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ውኃና ዘይት ማየት፣ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት፣ ከአንድ በላይ ስኮርታ መያዝ ያስፈልጋል። ደረቅ የሚመስል አሸዋማ ወንዝ ደጋ ላይ ከዘነበ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላል። ጎርፉ እስኪያልፍ የጠበቀ አሽከርካሪ የሚያጣው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የደፈረ ግን መኪናውንም ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ ለጎማና ለጥገና የሚሆን ድርሻ ማስቀመጥም ይገባል። ይህን የለመደ ባለንብረት መኪናው ሲበላሽ ሌላ ከብት ለመሸጥ አይገደድም።