ጣውንት ጠርሙሶች

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሊባኖስ፣ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ቡና ይፈላል። ሴቶቹ ከዶራ አደባባይ በእግራቸው፣ ከሐምራና ከጁኒየ ደግሞ በሰርቪስ ታክሲ ይመጣሉ። ከቤተ ክርስቲያን የመጣችው ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ሒጃብ የለበሰችው አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ትላለች። እኔ ነርስ ነኝ። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ስሠራ "ሲስተር" ነበር የምባለው፤ እዚህም ከዚያ ሌላ ስም የለኝም። የማኅበራችን ሥራ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችንን በገዛ ቋንቋቸው ስለ ጤና ማስተማር ነው። ሥራውን ስጀምር ማስተማር ማለት እኔ የማውቀውን ለእነሱ መንገር ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የሁለት ጠርሙሶች ነገር ነው።

በጥር ብርድ አንድ እሁድ አንዲት ልጅ ድምፅዋ ተዘግቶ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ በሳለች ቁጥር ደረቷን በመዳፏ ትይዛለች። "ብርድ መታኝ፣ ሲስተር" አለችኝ። ፓናዶል ወስዳለች፣ የዝንጅብል ሻይም ጠጥታለች፤ አልለቀቃትም። መቼ እንደጀመራት ስጠይቃት ቀኑንም ሰዓቱንም ነገረችኝ። ሐሙስ ጠዋት ነው። አሠሪዋ ማዳም እንግዳ ይመጣባት ስለነበር መታጠቢያ ቤቱ እንዲጸዳ አዘዘች። ክሎሩ አላነጣ ሲላት ልጅቱ ፍላሹን ጨመረችበት። መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል። "ጉሮሮዬን እንደ ሚጥሚጣ ለበለበኝ፤ ከዚያ በኋላ አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት ኮሪደሩ ላይ ወድቄ ነው" አለችኝ።

ክሎር ለማንጫ፣ ፍላሽ ደግሞ የሽንት ቤት ዝገት ለማስለቀቅ ቤሩት ውስጥ በየቤቱ አለ። ፍላሹ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባለው ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ጀርመኖች ምሽግ ውስጥ ባሉ ወታደሮች ላይ የለቀቁት መርዝ ይኸው ጋዝ ነበር። ልጅቱን በዚያው ቀን ክሊኒክ ወሰድናት፤ ሳንባዋ ታየ፤ ዳነች። ጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የተጻፈው ግን በዓረብኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። እሷ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ አማርኛ እንደ ውኃ የምታነብ ልጅ ናት።

በሳምንቱ ሁለቱንም ባዶ ጠርሙስ ይዤ ቀረብኩ። ስለ ኬሚካልና ስለ ጋዝ ማስረዳት ጀመርኩ። ሴቶቹ በጨዋነት ያዳምጡኛል፤ ዓይናቸው ግን ጀበናው ላይ ነው። ከወሎ የመጡ፣ ቤሩት ሃያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ከጥግ ሆነው "ሲስተርዬ፣ በአጭሩ ጣውንት ናቸው በያ! አንድ ቤት አይገቡም" አሉ። ክፍሉ በአንዴ ነቃ። "ጣውንት!" "ከተገናኙማ ቤቱን ያነዱታል!" እየተባለ ምንጣፉን ዞረ። ፍላሹ ላይ ቀይ ፕላስተር ለመለጠፍ ተስማማን። ድንገት ከተደባለቁ ደግሞ ምን ይደረግ? ትንፋሽን ይዞ ወዲያው መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚወርድ ውኃ ማጠብ። ይህን እኔ ጨመርኩ። ትምህርቱን ያስታወሱት ግን በእናታችን ቃል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከእኔ አልተለየም። ያ ትምህርት ተያዘ፤ ሌሎቹ ለምን ሳይያዙ ቀሩ?

መልሱን የሰጠችኝ ሌላ ሴት ናት። ስለ ወገብ ሕመም ስናገር ውኃ በብዛት ጠጡ፣ በየመሐሉ ዕረፉ፣ ካልተሻላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ አልኩ። ጤና ጣቢያ እያለሁ ሺህ ጊዜ የተናገርኩት ነው። ሴትዮዋ እጇን አንሥታ "እሺ፣ ሲስተር፤ ግን ቀኑ የማነው?" አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የጠየቀችኝ፤ ከልቧ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥታ እኩለ ሌሊት የምትተኛ፣ ቁልፉ በማዳም ቦርሳ ውስጥ የሆነባት ሴት ዕረፊ ስትባል ምክሩ ወቀሳ ይሆንባታል። ያልዳነችው ራሷ ስላልተጠነቀቀች ይመስላታል።

እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። ሠራተኛዋ የምትኖረውና የምትሠራው "ከፊል" በሚባለው አሠሪዋ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የሳምንት ሥራን በ48 ሰዓት የሚገድብና የሳምንት ዕረፍት የሚሰጥ አዲስ ውል ወጥቶ ነበር፤ በወሩ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ "ቀኑ የማነው?" የሚለው የጤና ጥያቄ ነው። የሚያማት ሴት ጀርባ የሚታከመው በቅባት ብቻ አይደለም፤ በሰዓትም ነው። ይህን የማይል የጤና አስተማሪ ግማሹን እውነት ደብቋል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ትምህርት ከማቅረባችን በፊት በሦስት ጥያቄ እናጣራዋለን። በሩ ተቆልፎባት ልታደርገው ትችላለች? ያለ ገንዘብ ይሆናል? ማዳምን ሳታስቆጣ ይሆናል? ብዙው ምክሬ ይህን ወንፊት አላለፈም። ያለፈው ትንሽ ነው፤ ግን ይሠራል። ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ሁልጊዜ የራሷ ብርጭቆ ይኑር፤ ሽንት አይያዝ፤ ባልዲ ሲነሣ ጉልበት ይታጠፍ እንጂ ወገብ አይጉበጥ፤ ጓንት ከሌለ ክሎር በባዶ እጅ አይነካ። ወንፊቱን ላላለፈው ደግሞ የዓረብኛ ዓረፍተ ነገር እናስጠናለን፦ "ቢዲ ሐኪም፤ ፊ ወጀዕ ሆን።" ሐኪም እፈልጋለሁ፤ እዚህ ጋ ያመኛል። ሴቶቹ እጃቸውን የሚያማቸው ቦታ ላይ አድርገው አንዷ ማዳም፣ አንዷ ሠራተኛ ሆነው ይለማመዱታል። ሐኪም የሚለው ቃል የሁለታችንም መሆኑ ይረዳል፤ ከአፍ አይጠፋም።

ከወንፊቱ ቀጥሎ የተማርኩት መስማትን ነው። ክፍላችን ውስጥ በብዛት የሚጠራው በሽታ "ብርድ" ነው። ወገብ ሲያም ብርድ፣ ጉልበት ሲያም ብርድ፣ ሽንት ሲያቃጥል ብርድ፣ የጋዝ መርዝ ሳንባ ሲያቆስልም፣ እንዳየነው፣ ብርድ። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ "ብርድ የሚባል በሽታ የለም" ብሎ ለማረም ይቸኩላል። እኔም ቸኩዬ ነበር። ሴትዮዋ ከታረመች በኋላ ግን ዝም ትላለች፤ ዝም ካለች ደግሞ ሽንቷ እንደሚያቃጥላት አልሰማም። አሁን "ብርዱ የት ጋ ነው የመታሽ? ሽንት ቤት ስትሄጂ ይብስብሻል? ትኩሳት አለው?" እላለሁ። ሽንት ካቃጠላት፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ከጨመረባት ነገሩ ኩላሊት ሊደርስ ስለሚችል ቶሎ መታከም አለባት። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ያላት "ብርድ ነው" ብትልም ለቲቢ እንድትመረመር እንልካለን። ቃሏን ሳንነጥቃት በቃሏ በኩል እንገባለን።

የሚከብደኝ ስለ ጭንቀት የምናወራበት እሁድ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ዘገባ ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 ድረስ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቧል። ኤምባሲዎች 40ዎቹን ራሳቸውን ያጠፉ ብለዋቸዋል፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው የሞቱት፤ ብዙዎቹ ለማምለጥ ሲሞክሩ። ያን ቁጥር ለሴቶቹ አላነብም። እያንዳንዳቸው እንዲህ የሞተች አንዲት ያውቃሉ። እኛ ሐበሾች "ሆድ ይፍጀው" ብለን ያደግን ሕዝብ ነን፤ ቤተሰብ እንዳይጨነቅ በስልክ "ደህና ነኝ" እንላለን። ስለዚህ ስለ እንቅልፍ እንጀምራለን። ስንት ሌሊት ሆነሽ ሳትተኚ? ምግብ ይበላልሻል? እንቅልፍ ማጣት ለመናገር አያሳፍርም፤ ሌላው ነገር ተከትሎት ይወጣል። 1564 ቁጥርን ሁሉም በቃላቸው ይይዛሉ፤ ሊባኖስ ውስጥ ለተጨነቀ ሰው ስልክ የሚነሣበት ብሔራዊ መስመር ነው። በጭንቀት ሰዓት ግን የሰው አገር ቋንቋ ከአፍ አይወጣም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዷ በየትኛውም ሰዓት የምትደውልላት አንዲት እህት ትመርጣለች፤ የተመረጠችውም "አይዞሽ" ብላ ከመዝጋት ይልቅ እንድታዳምጥ እናለማምዳታለን።

ወደ ክፍላችን የሚመጡት እሁድ የሚወጡት ናቸው። ይበልጥ የምናስፈልጋቸው ግን የማይወጡት ናቸው። ለእነሱ መንገዱ ስልክ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ኮሌራ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሲመለስ የላክነው ይህ ነበር፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን። በማንም ወጥ ቤት የሚገኝ፣ ማንንም የማያስፈቅድ መድኃኒት። ሦስቱንም ጥያቄ ያለፈ ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ሲከፋ ከደቡብ ሊባኖስና ከቤሩቱ ዳሒየ የሸሹ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ሠራተኛቸውን ትተው ሄዱ። ሴቶቹ መጠለያ ሲጠይቁ ብዙ ቦታ "ለሊባኖሳውያን ነው" ተብለው ተመለሱ። ቤሩት፣ አሽረፊየ ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ከኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት ጋር በሩን ከፈተላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት ሠራተኞቹ ራሳቸው የመሠረቱት "እኛ ለእኛ በስደት"ም ለወገኖቹ ደርሷል። ያን ሰሞን ካገኘኋቸው መሐል የደም ግፊትና የአስም መድኃኒታቸውን ጥለው የወጡ ነበሩ፤ ስሙን አያውቁትም፤ "ነጭ ናት፣ ክብ" ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ሆነ፦ የመድኃኒትሽን ካርቶን ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ ያዢ፤ ለምትተማመኚባት እህትም ላኪላት።

ይህን ሁሉ የምናደርሰው እኔና ባልደረቦቼ ብቻ አይደለንም፤ ከሴቶቹ መሐል የአቻ ለአቻ አስተማሪዎችም አሉን። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች መርጣ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ከሴቶቻችን ብዙዎቹ እናታቸው ጓሮ መጸዳጃ ስታስቆፍር ያቺን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይተዋታል። ክሎርና ፍላሽ የደባለቀችው ልጅም አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ናት። አገሯ ብትቆይ ምናልባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቦርሳ ትይዘው ነበር። ዛሬ ከአሥራ አንዱ የአቻ ለአቻ አስተማሪዎቻችን አንዷ ናት፤ በስልክ የምንልከውን የጣውንቶቹን የድምፅ መልእክት የቀዳችው እሷ ናት።

ባለፈው ወር አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ድምፁ ሹክሹክታ ነው፤ ከኋላው ቧንቧ ተከፍቶ ውኃ ይወርዳል፤ ማንም እንዳይሰማት ነው የከፈተችው። "ሲስተር፣ አታውቂኝም" አለች። "ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ አንዷ ልብስ ስናሰጣ ከበረንዳ ሆና ስለ ጣውንቶቹ ነገረችኝ። ቀይ ፕላስተር የለኝም፤ በማዳም የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁበት። ቁጥርሽንም እሷ ናት የሰጠችኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ስመጣ ደም ወስደውልኛል፤ ውጤቱን የነገረኝ የለም። የወር አበባዬ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ወንድ አላውቅም። ምን ሆኜ ነው?" ቧንቧው ተዘጋ፤ መልእክቱም አበቃ።

በዚያው ማታ መለስኩላት። ድንጋጤ፣ ድካም፣ የክብደት መቀነስ የወር አበባን ሊያስቀር እንደሚችል፣ ሰውነቷ እንዳልተበላሸ፣ በምን ዓይነት ምልክት ሐኪም መጠየቅ እንዳለባት፣ የዓረብኛውን ዓረፍተ ነገርም ጭምር ነገርኳት። ውጤቱን የመስማት መብት የእሷ መሆኑንም ነገርኳት።

እሁድ ለስብሰባው ያዘጋጀሁት ስለ ደም ግፊት ነበር። ወረቀቴን አጠፍኩት። ድምፅዋን ሳላሰማ፣ ማን እንደሆነች የሚያሳውቅ ነገር ሳልጠቅስ፣ ጥያቄዋን ብቻ ነገርኳቸው፤ ከመጣች ጀምሮ የወር አበባዋ የቀረ እህት አለችን፤ ምን እንበላት? አልኩ። ለጥቂት ጊዜ የጀበናው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ የወሎዋ እናት እጃቸውን አነሡ። "እኔንም ስመጣ አንድ ዓመት ቀርቶብኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም" አሉ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያለችው እጇን አነሣች። ከዚያም ከበሩ ሥር ያለችው። ስቆጥር ሰባት እጅ ነበር።