ከስትሮክ በኋላ የሚጓደል ትኩረትና ከራስ ቅል ውጭ የሚሰጠው የአንጎል ማነቃቂያ

ስትሮክ ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚከሰት ሕመም ሲሆን፣ ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች መካከል አንዱ እንደ እጅና እግር መዛል በቀላሉ የማይታየው የትኩረት መጓደል ነው። በተለይ የቀኙ የአንጎል ክፍል ሲጎዳ አንዳንድ ሕሙማን ዓይናቸው እያየ በግራቸው ያለውን ነገር ልብ ማለት ይሳናቸዋል፤ ከቀረበላቸው ምግብ የቀኙን ብቻ ይበላሉ፣ የፊታቸውን አንድ ጎን ብቻ ይላጫሉ፣ የአንድን መስመር አጋማሽ እንዲያመለክቱ ሲጠየቁም ምልክቱን ወደ ቀኝ አሳልፈው ያኖራሉ። ይህ ችግር በሕክምናው ዘርፍ ኔግሌክት ይባላል።

ለዚህ ችግር ተመራማሪው ማርሴል ኪንስቦርን ያቀረበው ማብራሪያ፣ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች እያንዳንዳቸው ትኩረትን ወደ ተቃራኒው ጎን እንደሚስቡና አንዱ ሌላውን እንደሚገታ ያስረዳል። ገመድ ከሚጓተቱ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲዝል ገመዱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ሁሉ፣ ቀኙ ሲጎዳ ከልካይ ያጣው ግራ ክፍል ከልክ በላይ ይነቃቃና ትኩረትን ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ከዚህም የሚከተለው የሕክምና ሐሳብ የተጎዳውን ከማበርታት ባሻገር ጤነኛውን ማርገብም ሊጠቅም ይችላል የሚል ነው።

ይህን ያለ ቀዶ ሕክምና ለመሞከር ሁለት መሣሪያዎች በስፋት ያገለግላሉ። የመጀመሪያው አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ ያስተዋወቁት ቲኤምኤስ ሲሆን፣ በጭንቅላት ላይ በሚያዝ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው ቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም የራስ ቅልን አልፎ ከሥሩ ባሉት የነርቭ ሕዋሳት ላይ ደካማ ፍሰት ያስነሣል። ምቱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ሲደጋገም የሕዋሳቱን ንቃት እንደሚቀንስ፣ በሰከንድ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ እንደሚጨምር በአብዛኛው ይታመናል። ሁለተኛው ቲዲሲኤስ በጨው ውኃ በተነከሩ ስፖንጆች አማካይነት ከ1 እስከ 2 ሚሊ አምፔር የሚደርስ ፍሰት ለ20 ደቂቃ ያህል የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሚካኤል ኒቼና ቫልተር ፓውሉስ በ2000 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጎቲንገን እንዳሳዩት፣ ሕዋሳቱን በቀጥታ ከመቀስቀስ ይልቅ ለመቀስቀስ ያላቸውን ዝግጁነት ይለውጣል።

ለኔግሌክት በተደረጉ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው የግራ አንጎል አካባቢ ሲሆን፣ በዚያ ላይ አርጋቢ ምት ከተሰጠ በኋላ ሕመምተኛው ዓይኑን ወደ ግራ እየላከ የሚፈልግበት ልምምድ ይከተላል። የተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶች ቀላል ራስ ምታትና የራስ ቆዳ መቆጥቆጥ ናቸው፤ ቲኤምኤስ አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ምልክት ሊያስነሣ ስለሚችል ግን፣ ቀድሞ የሚጥል በሽታ የነበረባቸው፣ በጭንቅላታቸው ብረት ወይም የመስማት ረዳት ተከላ ያላቸው ሰዎች አስቀድመው ይለያሉ።

ሆኖም አብዛኞቹ ጥናቶች በጥቂት ሕሙማን ላይ የተካሄዱና በማነቃቂያው መጠንም በቦታውም የሚለያዩ በመሆናቸው፣ እንደ መስመር አጋማሽ ማመልከት ባለ የወረቀት ፈተና ላይ የታየው መሻሻል በልብስ አለባበስ፣ በአመጋገብና መንገድ በማቋረጥ ላይ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ገና አልተረጋገጠም። ከዚህም በላይ ጉዳቱ ሰፊ በሆነበት ሰው ጤነኛው ክፍል የጠፋውን ሥራ ተክቶ እየሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ እርሱን ማርገብ ሕመምተኛውን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያዎቹ የማገገሚያ ልምምድ ደጋፊ እንጂ ተተኪ ተደርገው አይወሰዱም፤ የትኛው ጎን መርገብ፣ የትኛው መበርታት እንዳለበት ሊወሰን የሚገባውም የእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንጎል ምን ያህል እንደተረፈ ተመርምሮ ነው።